ለቦርድ አባላት በሚወጡ የታብሌት መመሪያዎች ውስጥ ስለሚገኙ አሻሚ ቃላት

አንድ ደንብ ወይም መመሪያ ሲረቀቅ በብዛት የሚመረመረው ይዘቱ እንጂ ቋንቋው አይደለም። ቋንቋው የሚመረመረው ክርክር ከተነሣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ወገን ቃሉን ለራሱ በሚስማማው ፍች ስለሚወስደው፣ በአርቃቂው ልቡና የነበረው ሐሳብ አስረጅ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። ስለዚህ የቃላት ምርመራ ከመጽደቁ በፊት የሚደረግ ሥራ እንጂ ከመጽደቁ በኋላ የሚታከል ማስተካከያ መሆን የለበትም።

ይህን ለማለት ምክንያት የሆነን፣ አንዳንድ የመንግሥት ድርጅቶች ለሥራ አመራር ቦርድ አባሎቻቸው ስለሚያድሏቸው ታብሌቶች የሚያዘጋጁት የአሠራር መመሪያ ነው። የስብሰባን ሰነድ በወረቀት እያባዙ ከማደል ይልቅ በታብሌት ማቅረብ ወጪንም ጊዜንም ይቆጥባል፤ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ወዲህም አሠራሩ የሚደገፍ ሆኗል። የመመሪያው አስፈላጊነት አያጠራጥርም። የሚያጠራጥረው መመሪያው የሚጻፍበት አማርኛ ነው። ከዚህ ጸሐፊ እጅ የገቡትን ረቂቆች ቃል በቃል መጥቀስ ተገቢ ስላልሆነ፣ ጠባያቸውን የሚያሳዩትን ምሳሌዎች ጸሐፊው ራሱ አቀናብሯቸዋል።

1. ስለ «ታብሌት» ስያሜ

በእንዲህ ያለው ረቂቅ ላይ አስተያየት ሲጠየቅ ዘወትር ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ፣ ታብሌት የሚለው የባዕድ ቃል ለምን በአማርኛ አልተተካም የሚል ነው። በ1993 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ ዕቃው ዛሬ በምናውቀው መልኩ ገና አልተስፋፋም ነበር፤ አይፓድ የተባለው ለሽያጭ የቀረበው በ2002 ዓ.ም. ነው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ ለተራዘመው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ታብሌቶች በተገዙ ጊዜ ቃሉ በዜና ተደጋግሞ ተሰምቷል። ስለዚህ ቃሉ ወደ ሕዝቡ የገባው ከነስሙ ነው።

ለምትክነት ሊቀርቡ የሚችሉትን ቃላት እንመልከት። በትርጉም ረገድ በጣም የሚቀርበው ጽላት ነው፤ የግእዙ ጽሌ፣ ሲበዛም ጽላት፣ የሚጻፍበት ሰሌዳ ማለት ነውና። ነገር ግን ጽላት ሙሴ በሲና ተራራ ለተቀበላቸው የትእዛዝ ሰሌዳዎችና በቤተ መቅደስ በመንበር ላይ ለሚያድረው ንዋየ ቅዱስ ስም ሆኖ ጸንቷል። ይህን ስም ለቢሮ ዕቃ መስጠት ምእመናንን ያስከፋል፤ ከዚህም በላይ «የመሥሪያ ቤቱ ጽላት ተሰረቀ» የሚል ማስታወቂያ በሰፈሩ የሚያስነሣውን ድንጋጤ መገመት አያስቸግርም።

ሰሌዳ የሚለው ቃል ይህ እንቅፋት የለበትም። ይሁን እንጂ የጥቁር ሰሌዳ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳና የመኪና ሰሌዳ ስም ሆኖ ሰፍቷል። ተሽከርካሪዎችን በሰሌዳ ቁጥር በሚመዘግብ የንብረት ክፍል ውስጥ «የሰሌዳው ቁጥር» ሲባል የመኪናው ይሁን የታብሌቱ የሚለይበት መንገድ አይኖርም። ደግሞም ቃሉ ራሱ ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የገባ ስለሆነ፣ ባዕዱን አስወጥተን የራሳችንን አስገባን ለማለት አያስደፍርም። ሦስተኛው ሉህ ነው። በቁርኣን ትምህርት ቤት ልጆች የሚጽፉበት የእንጨት ሰሌዳ «ለውህ» ይባላል፤ ዐረብኛም ለታብሌት ስም ያወጣው ከዚሁ ቃል ነው። በአማርኛ ግን ሉህ የወረቀት ገጽ ወደ ማለት ስላዘነበለ፣ ወረቀትን ለማስቀረት በተገዛ ዕቃ ላይ ቢሰየም ግራ ያጋባል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ቦርድ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ መነሻው ጣውላ ነው፤ ከጣውላ ወደ ገበታ፣ ከገበታም በዙሪያው ተቀምጠው ወደሚመክሩት ሰዎች ተሻግሯል። ታብሌትም በፈረንሳይኛ በኩል ሰሌዳ ከሚል የላቲን ቃል የወረደ ነው። ሁለቱንም እንደ ምንጫቸው እንተርጉም ብንል የመመሪያው ርእስ «የሰሌዳ አባላት የሰሌዳ አገልግሎት» በሆነ ነበር። ቦርድ በመንግሥት የልማት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 25/1984 ውስጥ ሕጋዊ ስያሜ ሆኖ እንደ ገባና ማንንም እንዳላደናገረ ሁሉ፣ ታብሌትም ቢቆይ ጉዳት የለውም። በመድኃኒት በኩል የሚፈራው መደባለቅ በአማርኛ አይደርስም፤ ያን ሕዝቡ ክኒን ይለዋልና። የሚያስፈልገው መመሪያው ለቃሉ ትርጓሜ እንዲሰጥ፣ በተለይም በንክኪ የሚሠራ ስልክና ላፕቶፕ በትርጓሜው ውስጥ መግባት አለመግባታቸውን እንዲገልጽ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሒስ ዋና ነጥብ ይህ ነው፤ የባዕዱ ቃል እንግዳ በመሆኑ በበር ላይ ይፈተሻል፣ ትርጓሜም ይሰጠዋል፤ የቤቱ ቃል ግን የታወቀ ስለሚመስል ሳይፈተሽ ይገባል። በረቂቆቹ ውስጥ ጉዳት ሊያደርሱ የሚችሉት ማንም ያልጠረጠራቸው የአማርኛ ቃላት ናቸው።

2. «ተጠቃሚ»

ከሁሉ የከፋው ቃል ከርእሱ የሚጀምረው ነው። «የታብሌት አጠቃቀም መመሪያ» ይላል፤ ቀጥሎም አባሉን «የታብሌቱ ተጠቃሚ» ይለዋል። ተጠቀመ የሚለው ግሥ ሁለት ፍች አለው። አንዱ በአንድ ነገር መሥራት፣ መገልገል ነው፤ ሁለተኛው ጥቅም ማግኘት ነው። በዐረፍተ ነገር ውስጥ መስተዋድዱ ይለያቸዋል፤ «በታብሌቱ ተጠቀመ» ሲባል ሠራበት ማለት ነው፣ «ከታብሌቱ ተጠቀመ» ሲባል አተረፈ ማለት ነው። ሁለቱም ወደ ስም ተለውጠው በዘርፍ ሲያያዙ ግን መስተዋድዱ ይወድቃል፤ «የታብሌቱ ተጠቃሚ» ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ምንም ምልክት አይቀርም።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ አይደለም። በሕግ ቋንቋችን ተጠቃሚ የታወቀ ፍች ያለው ቃል ነው፤ ለምሳሌ በሕይወት መድን ውል ተጠቃሚ የሚባለው ገንዘቡ የሚከፈለው፣ ከተከፈለውም በኋላ የማይጠየቀው ሰው ነው። በደመወዝ አስተዳደርም ጥቅማ ጥቅም የሚባለው ለተቀባዩ የሚቀር ነገር ነው። የሥራ ዘመኑ ያበቃ አንድ የቦርድ አባል «መመሪያው ተጠቃሚ ብሎኛል፤ ታብሌቱም እንደ ወርኀዊ አበሌ ለአገልግሎቴ የተሰጠኝ ጥቅም ነው» ቢል፣ ድርጅቱ የሚመልስለት ቃል ከመመሪያው ውስጥ አያገኝም። የድርጅቱ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የያዘውን ዕቃ ማስረከቡ በክሊራንስ ይረጋገጣል። የቦርድ አባል ግን ብዙውን ጊዜ ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚመጣ እንጂ የድርጅቱ ደመወዝተኛ ስላልሆነ፣ ይህ ሥርዓት አይደርስበትም። በእርሱና በዕቃው መካከል ያለው ማሰሪያ የመመሪያው ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ከላላ የሕዝብ ንብረት በዚያው ይቀራል።

ተገልጋይ የሚለውን በምትኩ እናስገባ እንዳንል፣ ያም ዛሬ በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ጉዳዩን ይዞ የሚመጣው ባለጉዳይ ስም ሆኗል። ከሁሉ የሚሻለው በንብረት ክፍል የተለመደው ተረካቢ ነው። በዚህም ላይ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን፤ «አገር ተረካቢ ትውልድ» ሲባል ተረካቢ የሚወርስ እንጂ የሚመልስ አይደለምና። ሆኖም በጽሕፈት ቤት ቋንቋ ርክክብ ሁልጊዜ ሁለት ወገን አለው፤ አስረካቢና ተረካቢ። ዕቃው በሞዴል 22 ወጪ ሲሆን አባሉ ተረካቢ ይሆናል፤ የሥራ ዘመኑ ሲያበቃ ደግሞ ራሱ አስረካቢ ይሆናል። የቃሉ ጥንድነት ዕቃው ተመላሽ መሆኑን ያስታውሳል።

የአማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ዓይነቱ ግንኙነት የራሱ የጠራ ልዩነት እንዳለውም መዘንጋት አይገባም። ዱቄት ወይም ገንዘብ ይበደሩታል፤ ምጣድ ወይም መጥረቢያ ይዋሱታል። የተበደሩት ያልቃል፣ ምትኩም ይመለሳል፤ የተዋሱት ግን ያው ራሱ ተመልሶ ለባለቤቱ ይሰጣል። ታብሌቱ በውሰት የተሰጠ ዕቃ ነው የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በመመሪያው መግቢያ ቢገባ፣ ከብዙ አንቀጾች ይልቅ ለአባሉ ግልጽ ይሆናል።

3. «ጠፋ» እና «አጠፋ»

ቀጥሎ የሚመጣው የዘወትር ቃል ነው። መብራት ይጠፋል፤ ገንዘብ ይጠፋል፤ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ሰው ያጠፋል፣ ይቅርታም ይጠይቃል። እነዚህን ሦስት ድንጋጌዎች አብረን እናንብብ፦

«አባሉ በስብሰባ ጊዜ ታብሌቱ ቢጠፋ ለጉባኤው ጸሐፊ ወዲያውኑ ያሳውቃል።»
«አባሉ ታብሌቱን ከመመለሱ በፊት በውስጡ ያለውን ያጠፋል።»
«ያጠፋ አባል ተጠያቂ ይሆናል።»

በመጀመሪያው ድንጋጌ ጠፋ የተባለው ኃይሉ አልቆ መዘጋቱ ነው ወይስ ከእጅ መውጣቱ? አንደኛው የባለሙያ ጉዳይ፣ ሁለተኛው የፖሊስ ጉዳይ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ድንጋጌ ደግሞ አብረው ሲነበቡ፣ በአንዱ የታዘዘውን የፈጸመ ሰው በሌላው የሚቀጣ ይመስላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጥፋት የኃላፊነት ምንጭ የሆነ ጽኑ ቃል ነው፤ ስለዚህ በመመሪያ ውስጥ ጥፋት እና አጠፋ ለዚህ ፍች ብቻ ሊጠበቁ ይገባል።

የቀሩትን ፍችዎች የሚሸከሙ ቃላት በቋንቋው ውስጥ አሉ። የኃይል ጉዳይ ሲሆን መዝጋት ማለት ይበቃል፤ ሕዝቡም ስልኬ ተዘግቷል ይላልና። ከእጅ መውጣት ሲሆን መጥፋትን ብቻውን ከመጻፍ ይልቅ «ጠፍቶ አለመገኘት» እና «መሰረቅ» ተለይተው ቢጻፉ ይበጃል፤ የአባሉ ጥንቃቄ በሁለቱ ላይ የሚመዘነው በአንድ ዓይነት አይደለምና። የጽሑፍ ጉዳይ ሲሆን መሰረዝና መደምሰስ መለየት አለባቸው። የተሰረዘ ሰነድ በላዩ ሌላ እስካልተጻፈበት ድረስ በባለሙያ እጅ ተመልሶ ሊገኝ ይችላል፤ የተደመሰሰ ግን ተመልሶ እንዳይገኝ ተደርጎ የጠፋ ነው። ታብሌቱ ለተተኪው አባል ከመተላለፉ በፊት የሚፈለገው ሁለተኛው ነው፤ ሰነዱ ለኦዲት የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው። ሦስቱን ጉዳዮች «ማጥፋት» በሚል አንድ ቃል ማጠቃለል የምርመራን በር መዝጋት ነው።

4. «መጫን» እና «አይችልም»

«አባሉ ያልተፈቀደለትን መተግበሪያ መጫን አይችልም» የሚል አንቀጽ በእንዲህ ያሉ መመሪያዎች የተለመደ ነው። ጫነ ከሚለው የሚወጣው መጫንና ተጫነ ከሚለው የሚወጣው መጫን በንግግር በመላላትና በመጥበቅ ይለያሉ። ፊደላችን ግን ጥብቀትን ስለማያሳይ በጽሑፍ አንድ ናቸው። አንደኛው አዲስ መተግበሪያ ወደ ዕቃው ማስገባት ነው፤ ሁለተኛው በጣት መንካት ነው። የተከለከለው የትኛው ነው? አንቀጹ በሁለተኛው ፍች ከተነበበ፣ ቀድሞውኑ በታብሌቱ ውስጥ ያለውን መተግበሪያ ሳያውቅ የነካ አባል ሁሉ ደንብ ተላላፊ ይሆናል። «መተግበሪያ ወደ ታብሌቱ ማስገባት» ቢባል ሁለት ቃል ይረዝማል፤ ክርክሩ ግን ይቀራል።

አይችልም የሚለውም እንዲሁ ነው። በሕግ አማርኛ አይችልም ክልከላ ነው፤ በዘወትር አማርኛ ግን ዐቅም ማጣት ነው። ስለ መሬት ወይም ስለ ውል በሚናገር ሕግ ውስጥ ሁለቱ አይደባለቁም። ስለ መሣሪያ ሲነገር ግን ይደባለቃሉ፤ ታብሌት ራሱ አንዳንድ ነገር እንዳይሠራ ተደርጎ ሊቆለፍ የሚችል ዕቃ ነውና። «አባሉ መጫን አይችልም» የሚለውን ያነበበ ሰው፣ ታብሌቱ ከፈቀደለት ተፈቅዶልኛል ብሎ ቢያስብ ሐሳቡ ከአነጋገሩ ውጭ አይደለም። ስለዚህ የሰው ግዴታ ሲሆን «የተከለከለ ነው»፣ የመሣሪያው አቀማመጥ ሲሆን «እንዳይቻል ሆኖ ይቆለፋል» ተብሎ መለየት አለበት። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ሥራ ናቸው፤ የመጀመሪያው የአባሉ፣ ሁለተኛው የድርጅቱ ባለሙያ ነው።

5. «መረጃ»

ተረዳ ከሚለው መረጃ፣ አስረዳ ከሚለው ማስረጃ መውጣታቸው የታወቀ ነው። በጽሕፈት ቤት ቋንቋ መረጃ የማይሸከመው ነገር የለም፤ ቁጥሩም፣ ዜናውም፣ ሰነዱም፣ ፎቶግራፉም መረጃ ነው። በሕግ ደረጃም ቃሉ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይሳባል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ሕዝቡ ከመንግሥት አካል ጠይቆ የማግኘት መብት ያለውን መረጃ ይለዋል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ለማንም እንዳይገለጥ የሚጠበቀውን የሰው ጉዳይ የግል መረጃ ይለዋል። እንግዲህ መመሪያው «በታብሌቱ ውስጥ ያለ መረጃ ሁሉ የድርጅቱ ንብረት ነው» ሲል፣ አባሉ ከሰነዱ ዳር የጻፈው የራሱ ሐሳብ የማን ነው? በወረቀት ዘመን ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ ማንም ስጠኝ አይለውም። ያው አስተያየት በታብሌት ስለ ተጻፈ ብቻ የድርጅቱ ይሆናል? ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ነገር ግን ይህን መወሰን ያለበት መመሪያው እንጂ «መረጃ» የሚለው ቃል ስፋት መሆን የለበትም። አባሉ ማስታወሻው እንደሚነበብ ከጠረጠረ የሚጠይቀውን ጥያቄ አይጽፍም፤ ያልተጻፈ ጥያቄም ብዙ ጊዜ በስብሰባው ላይ ሳይጠየቅ ይቀራል። ይህ የቁጥጥርን ሥራ ያዳክማል።

የሚሻለው ሰነድ፣ ማስታወሻ፣ መልእክት እና የግል መረጃ ተብሎ በአራት መክፈልና ለእያንዳንዱ ባለቤቱንና የሚቆይበትን ጊዜ መወሰን ነው።

6. «ስብሰባ» እና «ቃለ ጉባኤ»

ስብሰባ ከሰበሰበ የወጣ ነው፤ በመነሻው ሰዎች በአካል በአንድ ቦታ መገኘታቸውን ያመለክታል። ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ወዲህ በበይነ መረብ መሰብሰብ ስለ ተለመደ የቃሉ ፍች ሰፍቷል። ምን ያህል እንደ ሰፋ ግን በመመሪያዎቹ አልተወሰነም። «አባላት በስብሰባ ጊዜ እርስ በርስ መልእክት አይለዋወጡም» ሲባል፣ ከስብሰባው በፊት በነበረው ምሽት አብዛኞቹ አባላት በታብሌት ተጻጽፈው አንድ ሐሳብ ላይ ቢደርሱ ክልከላው ይነካቸዋል? በቁጥር ምልዓተ ጉባኤ ሞልተዋል፤ በአካል ግን አልተሰበሰቡም። በማግስቱ የሚጻፈው ቃለ ጉባኤ ውሳኔውን እንጂ ክርክሩን አይዝም። ቃለ ጉባኤ የጉባኤው ቃል ማለት ነው፤ ክርክሩ ከጉባኤው ውጭ ከተደረገ፣ በመዝገብ የሚቀረው ቃል ጎደሎ ነው። ስለዚህ መመሪያው ስብሰባን በጊዜ ብቻ ሳይሆን በጉዳይም መተርጐም አለበት፤ ይኸውም በአጀንዳ ላይ ባለ ጉዳይ የሚደረግ የጽሑፍ ምክክር መቼም ይሁን መቼ፣ ወደ ጸሐፊው ደርሶ ከመዝገብ እንዲያያዝ ማዘዝ ይኖርበታል።

7. ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ከአገባቡ ይረዳዋል የሚሉ ይኖራሉ። በርግጥ በውይይት ጊዜ አገባብ ቃልን ያቃናል። መመሪያ ግን በውይይት መካከል የሚነበብ አይደለም። ከዓመታት በኋላ፣ አርቃቂዎቹ በሌሉበት፣ እርስ በርስ የማይተማመኑ ወገኖች የሚያነቡት ጽሑፍ ነው። በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር መያዙ ኅብር ተብሎ ይመሰገናል፤ ሰሚውም ሁለቱንም ፈልጎ በማግኘቱ ይደሰታል። በመመሪያ ውስጥ ግን ሁለተኛውን ምሥጢር ፈልጎ የሚያገኘው ዕቃውን መመለስ ያልፈለገ ሰው ነው።

በሌላ በኩል፣ እነዚህን ቃላት ሁሉ በአዲስ ፈጠራ እንተካ የሚል ሐሳብም አንደግፍም። ማንም የማያውቀው አዲስ ቃል ከአሻሚ ቃል የተሻለ አገልግሎት አይሰጥም። ከላይ የቀረቡት ምትኮች በሙሉ በንብረት ክፍልና በየቤቱ የሚነገሩ ናቸው። የጎደለው ቃል ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ቃል በአንድ ፍች አጽንቶ የመያዝ ልማድ ነው።

8. የውሳኔ ሐሳብ

በዚህ መሠረት ለአርቃቂዎች የሚከተለውን እናቀርባለን፦

ሀ) «ታብሌት» እና «ቦርድ» እንዳሉ ይቆዩ፤ ታብሌት በመመሪያው መጀመሪያ ትርጓሜ ይሰጠው።
ለ) ዕቃውን ለያዘው አባል «ተጠቃሚ» በመተው «ተረካቢ» ይባል፤ ዕቃው በውሰት የተሰጠ መሆኑና ከአባልነት ፍጻሜ በኋላ በስንት ቀን እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍ።
ሐ) «ማጥፋት» ለጥፋት ፍች ብቻ ይጠበቅ፤ ለቀረው መዝጋት፣ መሰረዝ፣ መደምሰስ፣ ጠፍቶ አለመገኘት፣ መሰረቅ እንደየጉዳዩ ይግቡ።
መ) የሰው ክልከላ «የተከለከለ ነው»፣ የመሣሪያ ገደብ «ይቆለፋል» እየተባለ ይለይ።
ሠ) «መረጃ» ብቻውን አይጻፍ፤ ሰነድ፣ ማስታወሻ፣ መልእክት ወይም የግል መረጃ መሆኑ ይገለጥ።
ረ) «ስብሰባ» በጊዜም በጉዳይም ይተርጐም።

በዚህ አከፋፈል እንደ አብነት አንድ አንቀጽ ብናርቅ እንዲህ ይሆናል፦ «ተረካቢው አባል ታብሌቱን የተቀበለው በውሰት ነው። አባልነቱ ባበቃ በአሥር ቀን ውስጥ ለንብረት ክፍሉ ያስረክባል። ከርክክቡ በፊት የግል መረጃውን ማውጣት ይችላል፤ የድርጅቱን ሰነድ መሰረዝም ሆነ መደምሰስ ግን የተከለከለ ነው።» የቀኑን ቁጥር ድርጅቱ ይወስናል። አንቀጹ ግን አዲስ ቃል አንድም አልጨመረም፤ የተነበበለት የንብረት ክፍል ሠራተኛም ሆነ የቦርድ ሰብሳቢ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

የታብሌት ዋጋ ከድርጅት ሀብት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ጉዳዩም ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በታብሌቱ ውስጥ የሚያልፈው የበጀት፣ የግዥና የሹመት ውሳኔ ትንሽ አይደለም። አባሉ ለያዘው ዕቃ መልስ እንዲሰጥ የሚጠየቅበት ቃል ካልጠራ፣ በዕቃው ስለ ወሰነው ነገር የሚጠየቅበትም ቃል አይጠራም። የእነዚህን ቃላት ፍች አንባብያን በየመሥሪያ ቤታቸው ከሚሠራበት ጋር አመሳክረው፣ የጎደለውንም አክለው አስተያየታቸውን እንዲያካፍሉን በትሕትና እንጠይቃለን።